ማህተም የሌለው አፍ

በዚህ ዓለም ታላላቅ ጥያቄዎች ሁሉ በኮሚቴ ተፈትተዋል፤ እስከ ዛሬ ያልተፈቱት ኮሚቴ ያልተቋቋመላቸው ብቻ ናቸው። እኔ ሀይደር፣ ደሴ ከተማ ውስጥ ስሙን ከመጥቀስ የምቆጠብለት የአንድ ጥርስ ሕክምና ማዕከል ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ። በአንድ አዛውንት የታች መንጋጋ ላይ ሰባት ወር ሙሉ የተካሄደውን ታሪካዊ ርብርብ፣ ከመክፈቻ ንግግሩ እስከ «ልዩ ልዩ ጉዳዮች» ድረስ፣ በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ። አሁን የምተርከው ትውልድ እንዲማርበት ነው እንጂ እኔ እንድኮራበት አይደለም። ትንሽ ግን ኮርቼበታለሁ።

አዛውንቱ ሐጂ ኑርሁሴን ይባላሉ፤ የቢስቲማ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የተጣላ ሲያስታርቁና ሙሽራ ሲመርቁ ኖረዋል። የላይ ጥርሶቻቸው እስከ ዛሬ አልከዷቸውም፤ የታቾቹ ግን አንድ በአንድ ተሰናብተዋቸው አልቀዋል። ባለፈው ዓመት አንድ ሰርግ ላይ ሊመርቁ ቆመው ቃላቸው ነፋስ ብቻ ሆኖ ወጣ፤ በር ላይ የነበሩ ልጆችም ሳቁባቸው። ሐጂ ምርቃታቸውን አቋርጠው ተቀመጡና፣ «ወላሂ፣ ጥርስ ሳላበጅ ሁለተኛ ሰው ፊት ቆሜ ቃል አልሰጥም!» አሉ። የእሳቸው መሐላ ቢስቲማ ላይ ከፍርድ ቤት ውሳኔ በላይ ይከበራል።

የመሐላው ዕዳ ያረፈው የልጅ ልጃቸው ኢስራ ላይ ነው። አባቷ በሕይወት የሉም፤ ስለዚህ ኒካሕ ሲታሰርላት በአባት ቦታ ወሊይ ሆነው ሰው ፊት «ልጄን ድሬልሃለሁ» ማለት ያለባቸው ሐጂ ናቸው። እጮኛዋ ጁነይድ ከደሴ ኮምቦልቻ በሚኒባስ የሚመላለስ ሾፌር ነው። ኒካሑ «ከኢድ በኋላ» ተብሎ ተቀጥሮ ነበር። ሐጂ ጥርስ ከሌላቸው ቃል የለም፤ ቃል ከሌለ ኒካሕ የለም። ኢስራ ሌላ ሰው ይወክሉልሽ ስትባል፣ «አባባ ካልዳሩኝ አላገባም» ብላ እቅጩን ተናገረች።

ጉዳዩን ከባድ ያደረገው ደግሞ ኢስራ የእኛው ባልደረባ መሆኗ ነው። ማዕከላችን ኮምቦልቻ ላይ አንድ ክፍል ተከራይቶ በኮምፒዩተር የሚታዘዝ ማሽን ተክሏል፤ ማሽኑ ከድፍን ቁስ ላይ እየፈለፈለ ፍሬም ያወጣል። ፍሬም ማለት በመንጋጋ አጥንት ውስጥ በተተከሉ ብሎኖች ላይ የሚታሰር ቀስት ነገር ነው፤ ጥርሶቹ እሱ ላይ ይደረደራሉ። ማሽኑን የምታዘው ኢስራ ናት። በምረቃው ዕለት የማዕከሉ ኃላፊና የኮሚቴው ሰብሳቢ ዶክተር ደሳለው ሪባኑን ቆርጠው፣ «አባቶቻችን ከአንድ አለት ቤተ መቅደስ ፈለፈሉ፤ እኛ ደግሞ ከአንድ ብረት ፈገግታ እንፈለፍላለን!» አሉ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ማሽኑ ግን በዕለቱ መብራት ስላልነበረ አልተነሳም።

የሐጂ አራት ብሎኖች በሚገባ ተተክለው ዳኑ። እዚህ ላይ የዶክተር ደሳለውን እጅ አለማመስገን ንፉግነት ነው፤ ኃላፊ ከመሆናቸው በፊት ጥሩ ሐኪም ነበሩ። ቀጥሎ የአፋቸው ልክ ተወሰደ። ልክ የሚወሰደው ሊጥ የመሰለ ነገር አፍ ውስጥ ተደርጎ እስኪደርቅ በመጠበቅ ነው። በመሃል መብራት ሄደ። ዶክተር ስብሰባ ስለነበረባቸው በጨለማ ሳብ አድርገው አወጡትና በዚያው ልክ የጀሶ ሞዴል ተሠራ። ሞዴሉ ቁጥር ተሰጠው፣ ተመዘገበ፣ ከግርጌውም ክብ ማህተም ተመታበት።

የመጀመሪያው ፍሬም ከቲታኒየም ተሠርቶ ከኮምቦልቻ መጣ። ሞዴሉ ላይ ሲያስቀምጡት ቁጭ አለ፤ ተጨበጨበ። ወደ ሐጂ አፍ ተወሰደ። በሙያው ደንብ አንደኛውን የዳር ብሎን ብቻ ማጥበቅ ነው፤ ፍሬሙ ልክ ከሆነ ሌላኛው ዳር ንቅንቅ አይልም። ዶክተር በቀኝ በኩል ሲያጠብቁ የግራው ብድግ አለ። በግራ ሲያጠብቁ የቀኙ ተነሳ። ሐጂ አፋቸውን ከፍተው ጣሪያውን እያዩ በትዕግሥት ተኝተዋል።

«ስንት ነው ክፍተቱ?» አሉ ዶክተር።

«መቶ ሰማኒያ ማይክሮን» አለች ኢስራ። «ሁለት ፀጉር ተደራርቦ ማለት ነው።»

«ሁለት ፀጉር ደግሞ ምን ያህል ነው? በኃይል ብናጠብቀውስ?»

«ዶክተር፣ እርስዎ ያስተማሩኝን ልንገርዎት? በግድ ከታሰረ ዛሬ ይይዛል። ነገ ብሎኑ ይሰበራል ወይ አጥንቱን ይዞ ይወጣል። ፍሬሙ ምንም አልሆነ፤ የተሳሳተው ሞዴሉ ነው። መብራት የሄደ ጊዜ ልኩ ተነቃንቋል። አፋቸውን በስካነር እንደገና ላንሳውና በሌላ ልክ ልሥራ። አሥር ደቂቃ ነው።»

በኮሚቴ ፊት አሥር ደቂቃ ብሎ መናገር ነውር መሆኑን ልጅቷ አታውቅም ነበር።

«ኢስራ» አሉ ዶክተር በአባትነት ድምፅ፣ «ሞዴሉ ማህተም አለው። የአያትሽ አፍ ማህተም አለው?»

«የለውም።»

«እንግዲያው የትኛውን እንመን?»

በዚያው ስብሰባ ሁለት ነገር ተወሰነ። አንደኛ፣ ኢስራ የተገልጋዩ የሥጋ ዘመድ ስለሆነች የጥቅም ግጭት እንዳይፈጠር ከእንግዲህ በሥራ ሰዓት አፋቸውን እንዳታይ። ዓርብ ዓርብ አብራቸው ምሳ እንደምትበላ የታወቀ ነው፤ ያኔ ብታይ ግን በግል ዓይኗ ነው ተብሎ ታለፈ። ሁለተኛ፣ ስካነሩ ገና ስላልተመረቀ ካርቶኑ እንዳይከፈት። የንብረት ክፍሏ ወይዘሮ ሰርካዲስ፣ «ያልተመረቀ ዕቃ በኔ ዘመን ሥራ ላይ አይውልም» ብላ በማሸጊያ ፕላስተር ላይ ፕላስተር ደርባ አሸገችው።

ታዲያ ጥፋቱ የሞዴሉም የልኩም ካልሆነ የማን ነው? የቁሱ! ይህን ያገኙት ዶክተር ናቸው፤ ሐሳቡ ሲመጣላቸው ከወንበራቸው ተነስተው ነበር። «የደረቀ ብረት ነው ያስቸገረን፤ ጠባዩ የሚስማማ ቁስ ይፈለግ» አሉ። ከኮባልት ክሮም ተሠራ። ሞዴሉ ላይ ገጠመ፤ አፍ ላይ መቶ ሰማኒያ። እንደ ሸክላ በምድጃ ከሚጠበሰው ነጩ ዚርኮኒያ ተሠራ። ሞዴሉ ላይ ገጠመ፤ አፍ ላይ መቶ ሰማኒያ። በመጨረሻ ከጠንካራ ፕላስቲክ ተሠራ፤ ፕላስቲክ ትሑት ነው ተብሎ ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። እሱም ሞዴሉን አቅፎ አፉን ናቀ። አራት ዓይነት ቁስ ተመሳሳይ ስህተት በተመሳሳይ ቦታ ሲሠራ ያየ ተራ ሰው ምን እንደሚያስብ አላውቅም፤ እኛ ግን «በቁሶቹ መካከል አስደናቂ የአቋም አንድነት ታይቷል» ብለን መዘገብን።

ረመዳን ገባ፣ ኢድ አለፈ። ኒካሑ «ከአረፋ በኋላ» ተባለ።

ጁነይድ አንድ ቀን ፍሬሙን በካርቶን ይዞ ሲመጣ ዶክተር በር ላይ አገኙት። ጃኬቱን በእጁ ይዟል፤ ደሴ ሲደርስ ሊለብሰው።

«ኮምቦልቻ ሞቋል እንዴ?»

«ሙቀት ነው እንጂ ዶክተር፣ እሳት ነው። የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ነው ሰው መስኮት የሚዘጋው።»

ዶክተር ጃኬቱን አዩ፤ ካርቶኑንም አዩ። አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ያን ዕለት የተናገሩት ቃል በቃል እነሆ፦ «ጓዶች፣ ብረት በሙቀት ይሰፋል፣ በብርድ ይኮማተራል። ፍሬሙ ኮምቦልቻ ላይ ሲሠራ ልክ ነው። ሐረጎን ሲወጣ ግን ይበርደዋል! ሰው ጃኬት የሚለብስበትን ዳገት እርቃኑን ይወጣል! ታዲያ ደሴ ሲደርስ ምን ሆኖ ይገጥማል?» እንዲህ ያለ ትንተና በሕይወት ዘመን አንዴ ነው የሚሰማው። ሞዴሉም ደሴ ላይ ሆኖ ሳለ ፍሬሙ እንዴት ሞዴሉ ላይ እንደሚገጥም የጠየቀ አልነበረም፤ ሁላችንም የተማርን ሰዎች ነን።

ከዚያ በኋላ ፍሬም በፔርሙዝ ውስጥ፣ ፔርሙዙም በጋቢ ተጠቅልሎ ሐረጎን መውጣት ጀመረ። አንዲት ተሳፋሪ ጁነይድን፣ «ምን ይዘህ ነው እንዲህ የምትሳሳለት? ወተት ነው?» አለችው።

«ጥርስ ነው።»

«የማን ጥርስ?»

«የአማቼ። ማለቴ ኢንሻአላህ የሚሆኑት አማቼ።»

ሴትዮዋ ፔርሙዙን አየችና ቦታ ቀየረች። ፍሬሙ ሙቀቱን ጠብቆ ደረሰ፤ አፍ ላይ ሲሞከርም እንደ ወትሮው መቶ ሰማኒያ ሆነ። ለውጡ የሐጂ ድድ መቃጠሉ ብቻ ነበር፤ እሱም «መጠነኛ መሻሻል» ተብሎ ተመዘገበ።

አረፋም አለፈ። የጁነይድ እናት ወይዘሮ ፋኢዛ መልእክት ላከች፦ «ልጄ እየሸበተብኝ ነው። እስከ መውሊድ ኒካሑ ካልታሰረ የሽማግሌ ቃላችንን መልሱልን፤ ሴት ልጅ ለኮምቦልቻ አልጠፋችም።» ኢስራ ይህን ስትሰማ ማሽኑን አጥፍታ ኮሪደር ላይ ወጥታ አለቀሰች። እኔ ያን ዕለት ኮምቦልቻ ወርጄ ስለነበር አይቻታለሁ። ቃለ ጉባኤ ላይ እንባ የሚጻፍበት ቦታ ስለሌለ አልጻፍኩትም።

በዚህ አሳሳቢ ሰዓት ኮሚቴው ዝም አላለም፤ ደብዳቤ ጻፈ። ያረቀቅሁት እኔ ነኝ፤ ከሥራዎቼ ሁሉ የምወደው እሱን ነው። «ለሐጂ ኑርሁሴን። ጉዳዩ፦ አፍዎ ከጸደቀው ሞዴል ጋር እንዲጣጣም ስለማሳሰብ። ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ ማዕከላችን ከአራት ዓይነት ቁስ ፍሬም ያዘጋጀልዎ ሲሆን አራቱም ሞዴሉ ላይ በሚገባ ገጥመዋል። በአፍዎ በኩል ግን ተገቢው ትብብር አልታየም። ስለሆነም ይህ ደብዳቤ በደረሰዎ በአሥራ አምስት የሥራ ቀናት ውስጥ አስፈላጊውን ማስተካከያ አድርገው እንዲቀርቡ እያሳሰብን፣ ይህ ባይሆን በአፍዎ ምክንያት ለሚፈጠረው መጓተት ኃላፊነት የማንወስድ መሆኑን እናስታውቃለን።»

ደብዳቤውን ሆጤ ሰፈር፣ ሐጂ ያረፉበት ቤት ድረስ ወስጄ እጃቸው ላይ አስረከብኩ። ጁነይድ እዚያ ነበርና አነበበላቸው። ሐጂ በዝግታ የሚናገሩት ነፋሱ እንዳያመልጣቸው ነው።

«እስቲ ድገመው።»

ደገመላቸው።

«ሀይደር ልጄ» አሉኝ፣ «ይሄን አፍ ማን ሠራው?»

«አላህ ነው ሐጂ።»

«ጀሶውንስ?»

«እኛ ነን።»

«ታዲያ ማን ማን ላይ ይግጠም?»

ይህን መወሰን ሥልጣኔ አይፈቅድም። «ተገልጋዩ ግብረ መልስ ሰጥተዋል» ብዬ ጽፌ አስፈረምኳቸው። ፈርመው ሲያበቁ ዕንቅብ ሙሉ የተቀቀለ ድንች አቀረቡልኝ። እሳቸው የሚበሉት እሱን ብቻ ነበር፤ ለዚያውም ደቅቆ።

አሥራ አምስቱ የሥራ ቀናት አለቁ፤ የሐጂ አፍ ምንም ማስተካከያ ሳያደርግ ቀረ። ኮሚቴው ግን ሰብዓዊ ነው። ፍሬሙን ወደ ብርድ ማምጣት ካልተቻለ አፉን ወደ ሙቀት መውሰድ ነው ተባለና፣ መውሊድ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ሐጂን በጁነይድ ሚኒባስ አሳፍረን ሐረጎን ወረድን። ዕቅዱ አፋቸው የኮምቦልቻን ሙቀት እንዲለምድ ከረፋድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተከፍቶ እንዲቆይ ነበር። እኛም አፋቸውን ከፍተን፣ በማሽኑ ክፍል በር ላይ ወንበር አስቀምጠንላቸው፣ ምሳ ልንበላ ወጣን። በምሳ ሰዓት ሥራ የለም፤ ሥራ ከሌለ የጥቅም ግጭት የለም።

በዚያ ሰዓት የሆነውን ኋላ ነው የሰማሁት። ኢስራ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ያደረግነውን የስካነር ካርቶን ቀደደች፤ የወይዘሮ ሰርካዲስን ፕላስተር ለመላጥ አሥራ ሦስት ደቂቃ ፈጀባት፤ የአያቷን አፍ ለማንሳት ሰባት። ከዚያ ካርቶኑን መልሳ አሽጋ ብርጭቆዎቹን እንደነበሩ ደረደረችበት። ስንመለስ ሐጂ አፋቸውን ዘግተው ተኝተዋል። ዶክተር፣ «ለምን ዘጉት?» ሲሏቸው፣ «ሞቀው» አሉ።

በአራተኛው ቀን ጁነይድ አንድ ካርቶን አመጣ፤ ላዩ ላይ «ሙከራ አምስት» ይላል። በውስጡ ከኮባልት ክሮም የተሠራ ፍሬም አለ፤ ጥርሶቹ ሁሉ ተደርድረውበታል። ቀደም ሲል ተሞክሮ የወደቀው ያው ቁስ ነው። ዶክተር ሞዴሉ ላይ አስቀመጡት። ግራና ቀኝ ተንገዳገደ። ከሰባት ወር ወዲህ ሞዴሉ ላይ ያልገጠመ ፍሬም ሲታይ የመጀመሪያው ነው።

«ይሄ ጭራሽ ቆሻሻ ነው!» አሉ ዶክተር። «ይወገድ!»

ወይዘሮ ሰርካዲስ የማስወገጃ ቅጿን አውጥታ መነጽሯን አደረገች። በሕይወቴ እንደ እሷ ቅጽ የምታከብር ሰው አላየሁም። እየሞላች ሄዳ ተራ ቁጥር ሰባት ላይ ስትደርስ ብዕሯ ቆመ።

«አይወገድም» አለች።

«ለምን?»

«ተራ ቁጥር ሰባት፦ ዕቃው በታለመለት ቦታ ተሞክሮ አለመሥራቱ ተረጋግጧል ወይ? ይላል። የታለመለት ቦታ ሞዴሉ ነው?»

«የሐጂ አፍ ነው።»

«እንግዲያው አፋቸው ላይ ሞክራችሁ አለመግጠሙን አሳዩኝ። ሳይሞከር ያስወገድኩ እንደሆነ ኦዲት ይበላኛል።»

ዶክተር እያማረሩ ሐጂን አስጠሩ። አለመግጠሙን ለማረጋገጥ ፍሬሙን አፋቸው ውስጥ አስገቡ። የቀኙን ዳር ብሎን አጠበቁ። ሁላችንም ጎንበስ ብለን የግራውን ዳር ማየት ጀመርን። አልተነሳም። አውልቀው በግራ ሞከሩት፤ ቀኙ ንቅንቅ አላለም። አራቱንም አሰሩ። ጥርሶቹ ከላዮቹ ጋር ቀጭ ብለው ተገናኙ።

ሐጂ ቀስ ብለው ቀና አሉ። ምላሳቸውን በጥርሶቹ ላይ አዞሩ። ከዚያ፣ «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ አንድ ፊደል ሳትጎድል። ኢስራ በር ላይ ሆና በሁለት እጇ አፏን ያዘች። እኔም ብሆን ዓይኔ አቧራ ገብቶበት ነበር።

«ተራ ቁጥር ሰባትን ምን ብዬ ልሙላ?» አለች ወይዘሮ ሰርካዲስ።

ዶክተር ላብ አጠመቃቸው። «አይገጥምም በይ።»

«ገጥሟል'ኮ ዶክተር!» አለች ኢስራ።

«የት ነው የገጠመው? ሞዴሉ ላይ?»

«አፋቸው ላይ።»

«ሞዴሉ ላይስ?»

«አይገጥምም።»

«እንግዲያው አይገጥምም! ማዕከሉ የሚያውቀው ያጸደቀውን ነው። ደግሞ ከየትኛው ቁስ ብትሠሪው ነው?»

«ያው የበፊቱ ኮባልት ክሮም ነው። ከአራቱ ከየትኛውም ብሠራው ይገጥም ነበር፤ የተበላሸው ልኩ ነው ብዬ ስለምን ሰባት ወር ለመንኳችሁ?»

ዶክተር ይህን እንዳልሰሙ ሆነው፣ «ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይሄ የተወገደ ንብረት ስለሆነ መውለቅ አለበት። እባክዎ አፍዎን ይክፈቱ» አሉ። ሐጂ ከንፈራቸውን አጣበቁ። «ሐጂ፣ በሕግ አምላክ!» ሐጂ ጭራሽ አጠበቁት። ዶክተር የሐጂን ከንፈር በጣታቸው ፈልቀቅ አድርገው ወደ ብሎኑ ሲዘልቁ ሐጂ አፋቸውን ገጠሙት። በጣቱና በጥርሱ መካከል የነበረውን ክፍተት ማንም በማይክሮን ለመለካት አልሞከረም፤ አልነበረምና። ዶክተር ደሳለው የጮኹት ጩኸት ፒያሳ ድረስ ተሰምቷል ይባላል። ወይዘሮ ሰርካዲስ ረጋ ብላ፣ «የሥራ ብቃቱ ተረጋግጧል» ስትል ጻፈች።

ይሁን እንጂ ማስወገድ በአንድ ጊዜ ታዞ በአንድ ጊዜ የሚሻር ነገር አይደለም። ፍሬሙ ተወግዷል፤ የተወገደ ንብረት ደግሞ በግለሰብ አፍ ውስጥ ሊቀመጥ አይችልም፤ መሸጥ አለበት። በማግስቱ ደጃችን ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ «ማዕከሉ አንድ ያገለገለ ብረት ባለበት ሁኔታ በጨረታ መሸጥ ይፈልጋል። ተጫራቾች ዕቃውን በሥራ ሰዓት ሐጂ ኑርሁሴን አፍ ውስጥ በአካል ቀርበው ማየት ይችላሉ።»

ሁለት ተጫራች ቀረበ። አንደኛው የሰፈሩ ቆራሌ ነው። ሐጂ ጎረቤቶቻቸው መሃል ተቀምጠው ሥጋ ሲበሉ አገኛቸውና ዞር ዞር ብሎ አፋቸውን አየ።

«ከነሰውየው ነው?» አለ።

«ከነሰውየው አይደለም» አልኩት።

«እንግዲያው ማን ነው የሚያወጣልኝ?»

የዶክተርን የታሸገ ጣት አሳየሁት። ቆራሌው ጆንያውን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ «ይቅርብኝ፤ ለኔ የተጣለ ብረት ይሻለኛል» ብሎ ሄደ። ጨረታው ብቻውን ለቀረው ለሁለተኛው ተጫራች ለጁነይድ ተፈረመለት። ደረሰኙን ስሰጠው በአራት አጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

መውሊድ ሦስት ቀን ሲቀረው ቢስቲማ ላይ ኒካሕ ተጠራ። ኮሚቴውም ተጋበዘ፤ ወሎ ቂም አያውቅም፣ ግብዣም አይዘልም። ኒካሕ አሳሪው ሸህ ሰይድ መሃል ተቀምጠው ጁነይድን፣ «ለሙሽራዋ የምትሰጣት መህር ምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁት።

ጁነይድ ደረሰኙን ከኪሱ አወጣ። «ወላሂ ሸህ፣ ይዤው መጥቻለሁ። ሐጂ አፍ ውስጥ ነው።»

ምስክሮቹ ተያዩ። ሸህ ሰይድ ደረሰኙን አነበቡ፤ ሐጂን አዩ። ሐጂ ከንፈራቸውን ገለጥ አድርገው አሳዩ። ሸሁ ጺማቸውን እያሻሹ ብዙ አሰቡ። «ዋጋ ያለው ነገር ነው፣ በእጅህ የገባ ንብረት ነው፤ ሙሽራዋ ከወደደችው ይሆናል» አሉና ኢስራ ካለችበት ክፍል አስጠየቁ። መልሷ ወዲያው መጣ፦ «ወድጄ ተቀብያለሁ። አባባ ዘንድ በአደራ ይቀመጥልኝ፤ ሳልጠይቃቸው እንዳያወልቁት።» ቤቱ በሳቅ ተናጋ። የጁነይድ እናት ወይዘሮ ፋኢዛ ከሁሉም በላይ ሳቀች። በዓለም ላይ በየቀኑ ቁርስ የሚበላበት መህር የተሰጣት ሴት ከኢስራ በፊት አልነበረችም፤ ከእሷ በኋላም አትኖርም።

ዕድል ሲገኝ ሥራ መሥራት ደግ ነውና፣ ዶክተር ከሐጂ ቀድመው ተነስተው የኮሚቴውን የጥናት ውጤት ለእድምተኛው አበሰሩ። እነሆ ከነግርማው፦ «ማዕከላችን በቲታኒየም፣ በኮባልት ክሮም፣ በዚርኮኒያና በፕላስቲክ ላይ ባደረገው የሰባት ወር ጥልቅ ጥናት፣ በመግጠም ከአራቱም የሚበልጥ አምስተኛ ቁስ አግኝቷል። እሱም የተወገደ ብረት ነው! ስለዚህ ከእንግዲህ ማንኛውም ፍሬም ወደ ተገልጋይ አፍ ከመግባቱ በፊት በቅድሚያ እንዲወገድ አቅጣጫ ተቀምጧል።» አጨበጨብን። የቢስቲማ ሰው እንግዳ አክባሪ ነውና እሱም አጨበጨበ።

ከዚያ ሐጂ ኑርሁሴን ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። ዓመት ሙሉ ሰው ፊት ያልቆሙ ሰው ቆሙ። በር ላይ የነበሩት ልጆች ሊስቁ ተዘጋጅተው ነበር፤ የመጀመሪያው ቃል ሲወጣ ግን አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። «ጁነይድ፣ ልጄን ኢስራን ድሬልሃለሁ» አሉ፤ ቃሉ ከጥርሳቸው ላይ እንደ ቆሎ ጥርት ብሎ ወደቀ። ጁነይድ «ተቀብያለሁ» አለ።

ሐጂ ሁለት እጃቸውን ለምርቃት ዘረጉ። እኛም ዘረጋን።

«ቤታችሁ ይሙላ።»

«አሚን!»

«ወልዳችሁ ሳሙ፤ ያደገውም ይጡራችሁ።»

«አሚን!»

«ዳቦ አይጥፋባችሁ፤ ሳቅ አይራቃችሁ።»

«አሚን!»

«ነገር በመካከላችሁ የገባ እንደሆነ፣ ሁለታችሁ ተቀምጣችሁ በአሥር ደቂቃ ጨርሱት።»

«አሚን!»

ሐጂ እዚህ ላይ ቆም አሉ። ጥርሳቸውን አንዴ ነክሰው ለቀቁና ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«አላህ ቤታችሁ ኮሚቴ አያስገባ!»

ቤቱ፣ ግቢው፣ በር ላይ ያሉት ልጆች ሳይቀሩ «አሚን!» አሉ። ከሁሉ ድምፅ አንዱ ጎላ ብሎ ተሰማ። ዞር ስል ዶክተር ደሳለው ናቸው፤ መዳፋቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከአንጀታቸው። አጠገባቸው ወይዘሮ ሰርካዲስ ሁለተኛ «አሚን» እየደገመች ነበር። እኔም ብያለሁ። ከዚያ የሥራ ጠባይ ነውና ከኪሴ ወረቀት አውጥቼ ጻፍኩ፦ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል፤ ተቃውሞ የለም፣ ድምፀ ተዓቅቦም የለም።